ለግጥምና ዜማ ደራሲ ደንበኞቻችን፦ ከአሳታሚ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት

ይድረስ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በወልድያ ለምትገኙ የስቱዲዮአችን ደንበኞች፤

በዓል ሲቃረብ አሳታሚዎች ሥራ ያሰባስባሉና ውል ይዛችሁ «እስቲ እዩልን» የምትሉን በዝታችኋል። ድምፅ ቀጂ እንጂ ጠበቃ አይደለንም። ቢሆንም በየወረቀቱ የምናየው ጉድለት አንድ ዓይነት ነው፤ «ግጥምና ዜማውን ከነሙሉ መብቱ አስተላልፌአለሁ» ይልና የብሩን መጠን ጽፎ ያበቃል።

እንዲህ ያለውን አትፈርሙ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው የኢኮኖሚ መብት (ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ) በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው፤ ያቺ አንድ መስመር የልጆቻችሁንም ድርሻ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። ማባዛት፣ ማሰራጨት፣ በሬዲዮ ማስተላለፍ፣ መተርጎም የየራሳቸው መብቶች ናቸው። አሳታሚው የሚፈልገው በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ፤ ማስታወቂያ፣ ፊልምና የስልክ ጥሪ ማሳመሪያ ለየብቻ ፈቃዳችሁን ይጠይቁ። የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነም ይጠቀስ። በ12 ወር ውስጥ ካልወጣ መብቱ ይመለስላችሁ። ዘፈኑን ከልቡ ሊያወጣ ያሰበ አሳታሚ በዚህ አይከራከርም።

ሰው የሚጎዳው ግን በመቶኛው ስሌት ነው። ዘፈኑ 100,000 ብር አስገባ፣ ወጪው 60,000 ሆነ እንበል። 50 በመቶው ከጠቅላላ ገቢ ከሆነ ድርሻችሁ 50,000 ነው፤ «ከተጣራ ገቢ» ከተባለ ግን ወጪው ተቀንሶ ከቀረው 40,000 ላይ 20,000። ቀድማችሁ 30,000 ብር ከወሰዳችሁ በመጀመሪያው ስሌት ገና 20,000 ትቀበላላችሁ፤ በሁለተኛው አንድም ብር የለም፣ ጭራሽ 10,000 ቀሪ ዕዳ ይመዘገብባችኋል። ስለዚህ ወጪ የሚባለው ይዘርዘር፣ ጣሪያም ይበጅለት፤ ቀሪው ከሌላ ዘፈናችሁ እንደማይቆረጥ ይጻፍ። የዩቲዩብ ገቢ በዶላር ከመጣ የየትኛው ቀን ምንዛሬ እንደሚያዝ ይወሰን፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሂሳቡ በየ6 ወሩ በጽሑፍ ይቅረብላችሁ፤ ደረሰኙን የማየት መብትም ይኑራችሁ።

እኛ ወሎዎች በተለይ ልንጠነቀቅበት የሚገባ አለ። የአምባሰልም ሆነ የባቲ ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የቆየ የሕዝብ ዜማም እንዲሁ። በቅኝቱ የፈጠራችሁት አዲስ ዜማ ግን የእናንተ ነው። ብዙ ውሎች «ሥራው ሙሉ በሙሉ የራሴ ፈጠራ ነው፤ ክርክር ቢነሳ እኔ እከፍላለሁ» የሚል ዋስትና ያስፈርማሉ። ዜማው ከሕዝብ የተወሰደ ሆኖ ይህን ከፈረማችሁ፣ ያንኑ ዜማ ቀድሞ ያስቀዳ ሰው ጥያቄ ሲያነሳ ጣጣው በእናንተ ይወድቃል። «ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የሕዝብ» ብላችሁ በግልጽ አስጽፉ።

የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ድርሻ በቀረጻው ቀን በወረቀት ይስፈር፣ ድምሩም 100 ይሁን። አቀናባሪው የእጁን ዋጋ ብቻ የሚወስድ ከሆነ ይህም ይጻፍ፤ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ መነጋገሩ ያጣላል።

ፊርማውን በተመለከተ፣ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘው ውል ሁለት ምስክር ካልፈረመበት አይጸናም። እያንዳንዱን ገጽ ፈርሙ፤ ፎቶ ኮፒ ሳይሆን አንድ ዋና ቅጂ በእጃችሁ ይቅር።

እዚህ የቀዳችሁትን ናሙና የተቀዳበት ቀን ከተጻፈበት ማረጋገጫ ጋር እንሰጣለን፤ ለአሳታሚ በቴሌግራም ከመላካችሁ በፊት ፍላሽ ይዛችሁ ኑ።

የስቱዲዮው ባልደረቦች
ደሴ