ሲመቱ የተሳሳቱ ሳንቲሞችን ስለ መለየት

የተከበራችሁ የስብስባችን አባላት፤

ከሐረሩ ፈረስ መጋላ አካባቢ ገዝታችሁ ካመጣችኋቸው «ስህተት ያለባቸው» ሳንቲሞች አብዛኞቹ ከተመቱ (በማተሚያ ቅርጽ ምስልና ጽሑፍ ከታተመባቸው) በኋላ የተጎዱ ሆነው ስላገኘናቸው፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሚከተለውን እንድታስተውሉ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ጠርዙ የጎደለ ሳንቲም ስታገኙ በመጀመሪያ ከጉድለቱ ፊት ለፊት ያለውን ጎን ተመልከቱ። ጥሬው ብረት ከመመታቱ በፊት ጎድሎ ከነበረ፣ በዚያ በኩል ያለው ጠርዝ ብዙውን ጊዜ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ በሞረድ የተበላው ግን የቀረው ጠርዙ ሁሉ ሙሉ ነው። ድርብ መስሎ የሚታይ ጽሑፍም በአጉሊ መነጽር ይመርመር። የማተሚያው ቅርጽ ራሱ ሲሠራ የተደረበ ከሆነ ሁለቱም ፊደላት ጎልተው ይታያሉ፤ በሚመታበት ጊዜ ቅርጹ ተንሸራቶ የተፈጠረው ግን እንደ ደረጃ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ሻጩ ምንም ቢል ተጨማሪ ዋጋ ልትከፍሉበት አይገባም።

የሐረር አሚሮች ያስመቱትን መሐለቅ የተባለ ሳንቲም በዚህ መለኪያ መመዘን ትክክል አይደለም። በእጅ የተመታ በመሆኑ ጽሑፉ ከመሃል ቢያፈነግጥ የዘመኑ አሠራር እንጂ ስህተት አይባልም። በማሪያ ቴሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ቁጥር መኖሩም የተመታበትን ዓመት አያረጋግጥም፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ በዚያው ቁጥር በተለያዩ አገሮች ሲመታ ኖሯልና። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሊሆን ይገባል። የጌጥ ማንጠልጠያ ተበይዶበት የተነቀለ መሆኑን (አንጥረኞቻችን ይህን በብዛት ሠርተዋል) በጠርዙ ላይ ከቀረው የብየዳ ምልክት ታውቃላችሁ።

የምትጠራጠሩትን ሳንቲም ሳታጸዱ፣ ከተመሳሳይ ዓመት ጤነኛ ሳንቲም ጋር ይዛችሁ ቅረቡ።