ለእማ፣ ስለ ክሊቪያዋ

እማ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ዓፊያሽስ?

ክሊቪያዋን፣ ያቺን የሸክላ አበባሽን፣ ከፍሬዋ ልዝራ ወይስ ከጎኗ የበቀለችውን ልጇን ለይቼ ልትከል ብለሽ ነበር። ልጇን ለዪ። ፍሬው ቀልቶ እስኪበስል ወደ 9 ወር ይፈጃል። ዘሩን ልጠሽ፣ አጥበሽ፣ ሳትቀብሪ እርጥብ አሸዋ ላይ ጫን ብታደርጊው በወር በወር ተኩል ይበቅላል። አበባ ለማየት ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ልጇ አራት አምስት ቅጠል ካላት በዓመት በሁለት ዓመት ታብባለች። ልጇን ለዪ።

አበባው ስለረገፈ ጊዜው አሁን ነው። ሙሉውን ከሸክላው አውጥተሽ አፈሩን አራግፊ። ልጇ የራሷ ሥር ከሌላት ተያት። ካላት ከእናቷ የተያያዘችበትን በንጹሕ ቢላ ቁረጪ፤ ቁስሉ ላይ የከሰል ዱቄት ነስንሺበት፤ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ትድረቅ። አፈሩ ሁለት እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ይሁን። ዕቃው ከሥሯ ብዙ አይስፋ፤ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካንም ይሆናል፣ ታቹን ብቻ ብሺው። የቅጠሉ መነሻ አይቀበር። ሳምንት ያህል ውሃ አታጠጫት።

ብዙውን ጊዜ የሚገድላት ውሃ ነው። ሥሯ ከታች እየበሰበሰ ቅጠሏ ለሳምንታት አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፤ ቅጠሉ ሲወድቅ ነገሩ አልፏል። የአባባም እንዲሁ ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» እያላችሁኝ ከረማችሁ። አንቺም አሁን በስልክ የምትይኝ ይህንኑ ነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ፈተና ላይ ናት፤ ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ ያስቃል። ለክረምት ደሴ ሲመጡ ዕቃውን ከፍ አድርጊው፤ ተክሏ፣ ይበልጡን ሥሯ፣ መርዛማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ከሚያገኛት ቦታም አንሺያት።

የደሴ ብርድ ይስማማታል። ኅዳርና ታኅሣሥ እሳት ከማይነድበት ክፍል አኑሪያት፣ ውሃዋንም ቀንሺ። 10 ዲግሪ አካባቢ ካልከረመች የአበባው አገዳ ሳይረዝም ቅጠል መሃል ታፍኖ ይቀራል። ውርጭ ግን አያግኛት።

ሸክላውን ራስሽ እንዳታነሺ፣ የጎረቤት ልጅ ጥሪ። የሐኪሙን ወረቀትም እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ መርጣችሁ ሳይሆን ሁሉንም ገጽ። መድኃኒቱ አልቆ ከሆነም ንገሪኝ፣ በሚመጣ ሰው እልካለሁ።