ለክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊ፦ የአምቡላንሱን ነዳጅ ማነው ሚሞላው?

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ። በማመልከቻ ሞክረን ነበር፣ ወረዳው ዞን ሂዱ ይላል፣ ዞኑ ወረዳ ጨርሱ ይላል፣ የእርስዎ ቢሮ ደሞ "እየታየ ነው"። ስለዚ አሁን ሰው ሁሉ እያየ ልጻፈው።

የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያዋን ቤት ውስጥ ቀናት አምጣ ልጁ ሞቶ ወጣ፣ እሷም ሽንቷን መያዝ አቃታት። የልጁ ጭንቅላት ፊኛዋን ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ሲቆይ ደም ያጣው ስጋ ሞቶ እንደሚበሳ፣ ፊስቱላ ሚሉትም ይሄው እንደሆነ ከኔ በላይ ያውቁታል። ባሏ ተዋት። በስንት መከራ አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል አደረስናት፣ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅ በፈረንጆቹ 1974 ያቋቋሙት ቤት ማለት ነው። እዛ በሽታቸው አንድ ስለሆነ አንዷ ከአንዷ አትሸሽም። ሳንቲም ሳይጠይቁ ሰፏት፣ አበሏት። እነ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ እንኳ በሐምሊኖቹ እጅ ታክመው ነው ፊደል ሳይቆጥሩ ቀዶ ህክምና የለመዱት፣ ተምሮ ቢሮ የሞላው የኛ ሰው ግን ስልክ ማንሳት ይከብደዋል።

ሲሸኟት ወረቀት አስያዟት፦ ድጋሚ ካረገዘች በኦፕሬሽን ብቻ ነው ምትወልደው፣ ቀኗ ሳይደርስ ሆስፒታል ትጠጋ። ያንን ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ እንደ ታቦት ነበር ያስቀመጠችው። አገባች፣ አረገዘች፣ ጤና ጣቢያ ወስዳ አሳየች። ህዝብ አዋጥቶ የሰራው የእናቶች ማቆያ ለካ የአጎበርና የአሮጌ ወንበር መጋዘን ሆኗል፣ "ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂ፣ ሲጀምርሽ ደውይ" አሏት። ሌሊት ጀመራት፣ ደወልን። ሹፌሩ "ነዳጅ የለም፣ ከሞላችሁ እመጣለሁ"። ክቡር ኃላፊ፣ ወሊድ በነጻ ነው ብላችሁ ግድግዳው ላይ የለጠፋችሁት እናንተው እኮ ናችሁ! ከየጎረቤቱ ብር ሲለቀም ነጋ፣ ሆስፒታል ስንደርስ ማደንዘዣ ሰጪው ስልጠና ሄዷል፣ ተተኪ የለም ተባልን። ልጁ ሞተ። እሷም ይኸው ድጋሚ እየፈሰሳት ነው። ያው አምቡላንስ በዛው ሳምንት የወረዳ ሰዎች ጭኖ ስብሰባ ሲያደርስ አይተነዋል፣ የዛን ቀን ነዳጁ ከየት መጣ?

ግንቦት 15፣ የፊስቱላ ቀን ሲደርስ ቲሸርት ለብሳችሁ ባነር ይዛችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። ፊስቱላ በፈረንጆቹ 2020 ይጠፋል ተብሎ እቅድ ወጥቶ ነበር፣ አለፈ። ሆስፒታሉ ሚችለው የተበሳውን መስፋት ነው፣ እንዳይበሳ ማድረግ የእናንተ ስራ ነበር፣ ዶክተር ካትሪን እኮ ይሄ ገብቷቸው በፈረንጆቹ 2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ሁሉ ከፍተዋል። ሁለተኛው ስፌት ጠባሳ ላይ ስለሆነ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ካልያዘላት ሽንቷ በሆዷ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል፣ ከረጢቱን እድሜ ልክ እየቀየሩ ደሞ ከሆስፒታል ርቆ ገጠር መኖር አይሆንም። ሆስፒታሉ ደስታ መንደር የሚባለውን መኖሪያ የሰራው ለነዚህ ሴቶች ነው። በአንድ በርሜል ነዳጅ ሚቀር ነገር ነበር።

ነዳጅ ክፈሉ ያለው ሰው በማን ትዕዛዝ እንደሆነ በጽሁፍ ይመለስልን፣ ማቆያው ውስጥ ያለው አጎበርም ለባለቤቱ ይታደል። ልጅቷ ለሁለተኛው ስፌት ልትሄድ ነው፣ የመኪናዋን አሁንም እኛው ነን ምንከፍለው። ስልካችን ማመልከቻው ላይ አለ፣ ማመልከቻውን ካልጣላችሁት።