ያን ሌሊት ወረቀት የጠየቀኝ የለም

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት እሑድ ሞክሬ አቃተኝ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ዋሽቼሻለሁ። እዚህ አሜሪካ የመጣሽ ጊዜ ዶሮ ወጥሽን ደግማ የበላችውን የሥራ ባልደረባዬን ታስታውሻታለሽ። «ይህቺን የመሰለች ልጅ እንዴት ሳታገባ ቀረች?» ስትዪኝ፣ «አልቀናትም» አልኩሽ። አግብታለች እማዬ። ያገባችው ሴት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ትዳሯን በአንድ ቃል አጠፋሁባት። እሷ አጠገባችን ቆማ ፈገግ ትል ነበር፤ አማርኛ አትሰማም። አሁን የምነግርሽም ፈቃዷን ጠይቄ ነው።

ጾምሽንና ጸሎትሽን አውቃለሁ፣ በእምነትሽ ላይ ክርክር አልገጥምሽም። ግን አንድ ነገር እዪልኝ።

ባለቤቴ ትርፍ አንጀት ይዞት ሌሊት ሆስፒታል የወሰድነው ትዝ ይልሻል? ጋቢሽን ደርበሽ አብረሽኝ ነበርሽ። በሩ ላይ «ምኑ ነሽ?» አሉኝ። «ሚስቱ» አልኩ። በቃ፣ ገባሁ። የጋብቻ ወረቀት አምጪ ያለኝ የለም። ሲነቃ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው።

በማግስቱ ይህን ለጓደኛዬ ስነግራት ቦርሳዋን ከፈተች። ጠርዙ ያለቀ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አሳየችኝ። ውክልና ነው። አንዷ ብትታመም ሌላዋ ከሐኪም ጋር ተነጋግራ እንድትወስን የሚል። ዛሬ ሕጉ ቢለወጥም ከቦርሳዋ ልታወጣው አልቻለችም።

ፍርሃቷ ከሜዳ አልመጣም። በፈረንጆች 2007 ሊሳ ፖንድ የምትባል ሴት ማያሚ ውስጥ በድንገት ታማ ሆስፒታል ገባች። 18 ዓመት ገደማ አብራት የኖረችው ጃኒስ ላንግቤን ከልጆቻቸው ጋር መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ጠበቀች። ውክልናውን በፋክስ አስልካ ነበር። እንደተናገረችው፣ ቄስ በመጣበት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አስገቧት። ሊሳ ሞተች። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2010 የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ታማሚው የመረጠውን ጠያቂ እንዲያስገቡ ያዘዙት ከዚህ ታሪክ በኋላ ነው። እኔ እዚህ አገር ነርስ ሆኜ ይህን የሰማሁት ከጓደኛዬ አፍ ነው። መስማት አላስፈለገኝም ነበራ።

ወደ ቨርጂኒያ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ የምንሻገረውን ድልድይ ታውቂዋለሽ። የምንኖርባት ሜሪላንድ የሁለት ሴቶችን ጋብቻ ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮ ተቀበለች። ቨርጂኒያ እስከ ኦክቶበር 2014 አልተቀበለችም። በዚያ መሃል እኔ ድልድዩን ስሻገር ሚስት ነበርኩ። ጓደኛዬ ስትሻገር በሕግ ፊት ለገዛ ባለቤቷ ባዳ ነበረች።

ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁበትን ጊዜ ደግሞ አስቢው። የሠርጉን ፎቶ፣ የመልሱን ፎቶ ሰብስበሽ የላክሽልኝ አንቺ ነሽ። ጉዳዩ ዘገየ ብለን ስንት ቀን አለቀስን። ሴት ሚስቷን፣ ወንድ ባሉን ላስመጣ ቢል ግን እስከ ጁን 2013 ድረስ የፌዴራሉ ሕግ ትዳራቸውን አያውቀውም ነበር። ቢያመለክቱም መልሱ አይሆንም ነው።

የምሠራበት ክሊኒክ ደግሞ ትራንስጀንደር የሆነች፣ ማለትም ስትወለድ ወንድ የተባለች ራሷን ግን ሴት ብላ የምታውቅ፣ ታካሚ ትመጣለች። መታወቂያዋ ላይ ያለው የወንድ ስም ሲጠራ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል። የእኔ ስም ሲጠራ ማንም ቀና አይልም። አሁን አጠገቧ ሄጄ ራሷ በምትጠራበት ስም ቀስ ብዬ እጠራታለሁ።

አገር ቤትማ የባሰ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያሳስራል። እኛ ሰፈር ያደጉ፣ እጅሽን የበሉ ልጆች ውስጥም ይኖራሉ እማዬ። ለእናታቸው እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ የማይችሉ። እኔ የጻፍኩት ያገባሁት ወንድ ስለሆነ ነው። ብትቆጪኝም ልጅሽ ሆኜ እቀራለሁ።

ለጓደኛዬ የላክሽላት ነጠላ ደርሷታል። ውስጡ «ጥሩ ባል ይስጥሽ» ብለሽ የጻፍሽውን ወረቀት «ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። አልተረጎምኩላትም።

እሑድ ከባለቤቷ ጋር ቡና ሊጠጡ እኛ ቤት ይመጣሉ። ስደውልልሽ ስልኩን ላቀብላቸው? አንቺ እሺ ካልሽኝ ብቻ ነው።

ልጅሽ