ለማሂ፦ አንድ ዓመት ልጨምር ወይስ ሥራዬን ልያዝ?

ሜልቦርን፣ ጥቅምት 2018

ማሂዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? እትዬ ዘውዴስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ሁለተኛዋን መገላገልሽን የሰማሁት ከሰው ነው። እንኳን ማርያም ማረችሽ! በጊዜው ደውዬ ልልሽ ይገባኝ ነበር። ይቅር በይኝ። ረስቼሽ አይደለም። ነገሩ ሲቆይ ሲቆይ ምን ብዬ ልጀምር የሚለው ራሱ እየከበደኝ ሄደ። ስለ ዝምታው ከዚህ በላይ ከጻፍኩ ዛሬም ሳይላክ ያድራልና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የምጽፍልሽ ላማክርሽ ነው። እዚህ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ግን ኮሜርስ አጠገቤ የተቀመጠ፣ ያቺን ሰማያዊ የእቁብ ደብተር እትዬ ዘውዴ ሱቅ ጓዳ ውስጥ አብሮኝ የደመረ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። የያዘኝ ነገር ደግሞ ሁለቱንም ይነካል።

ዲግሪዬን ልጨርስ ነው ማሂ! የመጨረሻው ፈተና ኅዳር ላይ ነው። እማዬ ቪዛው ይሳካ አይሳካ ሳታውቅ የምርቃት ቀሚሷን አሰፍታ ጨርሳለች። አንድ የሒሳብ ድርጅት ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ሥራ ሰጥቶኛል። ደመወዙም ጥሩ ነው። ዳኒ እፎይ ብሏል፣ እማዬ እፎይ ብላለች፣ ታናሽ ወንድሜ እንኳ እፎይ ብሏል። እኔ ግን እዚያው ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ልጨምር እያሰብኩ ነው።

አትጩኺብኝ። እስቲ መጀመሪያ ላስረዳሽ።

እዚህ አገር የቢዝነስ ዲግሪ ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ውጤቱ ለፈቀደለትና ለፈለገ ኦነርስ የሚባል አንድ ዓመት አለ። ወንድምሽ እንግሊዝ የተማረው ኦነርስ ከዲግሪው ጋር አብሮ የሚሰጥ ነው። የአውስትራሊያው ግን ራሱን የቻለ ዓመት ነው። መጀመሪያ የምርምር ዘዴ፣ ስታቲስቲክስና ብዙ ንባብ አለ። ጎን ለጎን ዓመቱን ሙሉ አንድ የራስሽን ጥናት ትሠሪያለሽ፤ ከ15 እስከ 20 ሺህ ቃል ይደርሳል። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች 80 እና ከዚያ በላይ ያመጣ አንደኛ ደረጃ ይባላል። አንደኛ ደረጃ ያገኘ ማስተርስ ሳይማር በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ይችላል። ዓመቱ ዋጋ የሚያወጣው በዚህ ነው።

ለሒሳብ ሥራ ግን አያስፈልግም። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። የሒሳብ ባለሙያነት ማዕረግ ለመያዝ የሦስት ዓመቱ ዲግሪ መነሻ ይሆናል። ስለዚህ «ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» ብትዪኝ እውነትሽን ነው።

የምሠራው እቁብ ነው ማሂ። ስለ እቁብ ነው የማጠናው።

ፉትስክሬይ የሚባል የሜልቦርን ሰፈር ውስጥ ቅመምና እንጀራ የምትሸጥ አንዲት እህታችን አለች። ስሟን አልጽፍልሽም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ትረጃለሽ። እቁብ ትሰበስባለች። ደብተር የለም፣ ሁሉም ነገር በቴሌግራም ነው። ገንዘቡ በባንክ ይተላለፋል። እጣው ግን አሁንም በተጠቀለለ ወረቀት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲኒ ውስጥ ይጨመርና ልጇ ታወጣለች፤ በሥራ ምክንያት ያልመጡት በቪዲዮ ያያሉ። አንድ እሑድ እጣው ለአንዲት ሱቅ ልትከፍት ለተዘጋጀች ሴት ወጣ። እዚያው ጥግ ላይ ደግሞ እናቷ ጎንደር የታመሙባት ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ቀስ ብላ «ስንት ትሸጭልኛለሽ?» አለቻት። ያቺኛዋ ወረቀቱን እጇ ላይ አድርጋላት «ይኼ አይሸጥም። ውሰጂው፣ ያንቺ ተራ ሲደርስ እወስዳለሁ» አለች። በቃ። ከዚያ ወደ ቡናው ተመለሱ።

እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ስለ ወለድና ስለ አበዳሪ ስጋት ተምሬአለሁ። ያን ቀን ያየሁትን የሚያስረዳልኝ ምዕራፍ ግን አላገኘሁም።

ነገሩን እንደ ኮሜርስ ጊዜያችን እንደምረው። 12 ሴቶች በወር 1,000 ዶላር ይጥላሉ እንበል። ለየብቻቸው ቢቆጥቡ 12 ሺህ ዶላር እጃቸው የሚገባው በዓመቱ መጨረሻ ነው። በእቁብ ግን የመጀመሪያዋ በመጀመሪያው ወር ታገኛለች፣ ሁለተኛዋ በሁለተኛው። የመጨረሻዋ እንኳ ለብቻዋ ብትቆጥብ ከምታገኝበት ጊዜ አትዘገይም። ቤስሊ፣ ኮትና ሉሪ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ይህን በ1993 በፈረንጆቹ በሒሳብ ቀመር አስቀምጠውታል። እትዬ ዘውዴ ግን ጓዳ ቁጭ ብለው ቡና እየቆሉ ያለ ቀመር ነግረውን ነበር፣ ትዝ ይልሻል?

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። የመጀመሪያዋ ገንዘቡን ከወሰደች በኋላ ለምን መክፈሏን ትቀጥላለች? መርካቶ ዋስ አለ። ሱቁ ይታወቃል፣ ቤተሰቡ ይታወቃል፣ ዕድሩ ይታወቃል። የት ይሄዳል? እዚህ ግን ሰው ሻንጣውን ይዞ ፐርዝ ቢገባ ማን ያገኘዋል? ግን አይሄድም። ይከፍላል። ለምን? ዋስን የተካው ምንድን ነው? ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው።

ክሊፎርድ ጊርትዝ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ደግሞ በ1962 እንዲህ ያሉ ማኅበራት የመሸጋገሪያ ደረጃ ናቸው ብሎ ነበር። ባንክ ሲስፋፋ ቦታቸውን ይለቃሉ ማለቱ ነው። ፉትስክሬይ ግን ባንኩም አለ፣ እቁቡም አለ። ባንኩ ለትንሽ ሱቅ ሲያበድር ብዙ ጊዜ ቤት መያዣ ይጠይቃል። ቤት ያለው ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ይህን ሁሉ ለአንድ የፋይናንስ መምህሬ ነገርኳት። ኦነርስ ለመግባት ቀድሞ አማካሪ ማግኘት ያስፈልጋል፣ እሷም እሺ አለችኝ። ሁለት ገጽ ጻፊ አለችኝና ጻፍኩ። ስትመልስልኝ «እምነት» የሚለውን ቃል በጻፍኩበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ አክብባበታለች። ዳር ላይ «እንዴት ታውቂዋለሽ? በምን ትለኪዋለሽ?» ብላለች። ከየክቡ አጠገብ ያው ጥያቄ አለ። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ። ዳኒ ወተት ሊያወጣ ሲመጣ ቆሞ ያነበዋል።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። አንደኛው ገንዘብ ነው፣ እሱን ቶሎ ልጨርሰው። ከ2021 የፈረንጆቹ ዓመት ጀምሮ የቢዝነስ ትምህርት ለተማሪው ከሚወደዱት ጎራ ገብቷል። አሁን ለአንድ ዓመት 17 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ነርስነት ቢሆን የዚህን ሩብ ገደማ ነበር። ዜግነቱን ስለያዝኩ መንግሥት ያበድረኛል። ወለድ የለውም፣ ግን ከኑሮ ውድነቱ ጋር ያድጋል። የምከፍለውም ገቢዬ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በግብር በኩል ነው። ዘንድሮ የነበረብንን ዕዳ 20 በመቶ ቀንሰውልናል፤ እልል ነው ያልኩት። ዋናው ችግር እሱ አይደለም። ችግሩ ያ ዓመት ደመወዝ የሌለው ዓመት መሆኑ ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያው የሌሊት ሺፍት ይቀጥላል። ለእማዬ የምልከው ግን አይጨምርም። እሷ ደግሞ «ከተመረቅሽ በኋላ» እያለች የምትቆጥራቸው ነገሮች አሉ። ጣሪያው አለ። የወንድሜ ኮሌጅ አለ። ማሂ፣ ይህን እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት?

ሁለተኛው ጭንቀት ግን ከገንዘቡ ይበልጥብኛል። ለማንም አልነገርኩትም፣ ለዳኒም ቢሆን በወጉ አልነገርኩትም።

እነዚህ ሴቶች የሚያወሩኝ ጓደኛቸው ስለሆንኩ ነው። ልጄን አቅፈው አሳድገውልኛል። ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ እነሱ ናቸው። አሁን ነገ መቅጃ ይዤ ልመጣ ነው። ዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለው፤ እሱ ሳይፈቅድ አንድም ሰው መጠየቅ አይቻልም። ጥናቱን በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ ወረቀት ታዘጋጃለሽ። ሰውየው ይፈርማል፣ በፈለገ ጊዜ ይወጣል፣ ስሙ አይጻፍም። ቅጹን ሳነብ አንድ ጥያቄ ላይ ቆምኩ። ተሳታፊው እምቢ ማለት የሚከብደው ሁኔታ አለ ወይ ይላል። ማሂ፣ የእኛ ሰው እኔን እምቢ ይለኛል? ሴትየዋ ባትፈልግም «አይ አንቺ ልጅ፣ ምን ገዶኝ» ብላ ትፈርማለች። ያ ፈቃድ ነው?

ደግሞ ይፈራሉ። እዚህ ማንም ሰው 10 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ባንክ ሲያስገባ ባንኩ ኦስትራክ ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ተራ አሠራር ነው፣ ሰውየው አጠፋ ማለት አይደለም። ግን «መንግሥት ያየዋል» የሚለው ወሬ ሲዞር ሰዉ ስለ እቁቡ በሹክሹክታ ማውራት ይጀምራል። እኔ የምጽፈው ነገር አንዲቷን እንኳ ቢያስደነግጣት ምን ዓይን ይዤ ሱቁ እገባለሁ? ስም ባልጽፍም እኮ ሰፈሩ ትንሽ ነው። «እናቷ ጎንደር የታመመችባት» ብዬ ብጽፍ ሁሉም ያውቃታል። ስለዚህ ያን እሑድ ያየሁትን ጥናቱ ውስጥ አላስገባውም። ያየሁት እንደ እህት ተቀምጬ ነው፣ ማንም እንድጽፈው አልፈቀደልኝም። ላንቺ የነገርኩሽም ሰዎቹን ስለማታውቂያቸው ነው። ጥያቄውን የወለደልኝን ነገር ትቼ ጥያቄውን ይዤ መሄድ አለብኝ። ትክክል መሆኑን አምናለሁ፣ ግን ያመኛል።

አማካሪዬ ይህን ስነግራት ተው አላለችኝም። በሌላ ከተማ ያለ እቁብ አጥኚ፣ የማያውቁሽን ሰዎች ጠይቂ አለች። ጂሎንግ ወይ አዴሌድ ማለቷ ነው። ደግሞ የማያውቀኝ ሰው ለምን እውነቱን ይነግረኛል? እዚህ ላይ ቆሜያለሁ።

ይህን ሁሉ እያልኩሽ ግን ደስ ብሎኛል፣ ይታወቅሽ ይሆን? አንቺ ሁሌም ከእኔ ቀድመሽ ነበር የምታውቂው። ያ የኮስት አካውንቲንግ መምህራችን እጄን ሳወጣ ባየ ቁጥር አንቺ ከሥር ትስቂ ነበር፤ ገና ሳልጠይቅ ጥያቄዬን ታውቂዋለሽ። እስካሁን የተማርኩት ሁሉ ሰው የመለሰውን ነው። ይህኛው ግን ማንም ያልመለሰው ነው፣ ደግሞ የእኛ ነው። ስለ እኛ ሌላ ሰው ከሚጽፈው፣ እጣ ምን እንደሆነ፣ ዳኛና ጸሐፊ ምን እንደሚሠሩ የሚያውቅ ሰው ቢጽፈው አይሻልም? እኔ ይሻላል ባይ ነኝ። ከልቤ ነው የምልሽ።

ከዚያ በኋላ ፒኤችዲ ቢሳካ የመንግሥት ስኮላርሺፕ አለ። በ2025 የፈረንጆቹ ዓመት ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ 33,511 ዶላር ነው። ከሒሳብ ድርጅቱ ደመወዝ በብዙ ያንሳል። ግን ሌሊት ሺፍት ሳይገባ የሚነበብበት ገንዘብ ነው። ይህን አሁን ማሰብ የለብኝም፣ አውቃለሁ። ግን አስባለሁ።

ድርጅቱን «በዓመቱ ልጀምር» ብዬ መጠየቅ እችላለሁ፤ አንዳንዶቹ ይፈቅዳሉ። ኢሜይሉን ጽፌዋለሁ፣ አልላክሁትም። ኦነርሱን በሁለት ዓመት እየከፋፈሉ መማርም ይቻላል። ያኔ ግን ሥራውም፣ ልጄም፣ ጥናቱም እኩል ይጎተታሉ ብዬ እፈራለሁ። አንቺ ባንክ እየሠራሽ ማስተርሱን በማታ ጨርሰሻል። እንዴት ቻልሽው? እውነቱን ንገሪኝ፣ ለማበረታታት ብለሽ አታሳምሪው።

ሌላም ነገር ልለምንሽ። ይህ ለጥናቱ አይደለም፣ ለራሴ እንዲገባኝ ነው። በሰማያዊው ደብተር ጊዜ የዋሱ ስም የት ነበር የሚጻፈው? የሚጻፈው እጣ የደረሰው ቀን ነው ወይስ ገና ሲመዘገቡ? እጣ ሲሸጥስ ዋሱ ይቀየር ነበር? አንቺ ጸሐፊ ስለነበርሽ ታስታውሺዋለሽ። እትዬ ዘውዴን ግን ገና አትጠይቂብኝ። እሳቸውን ማነጋገር ካለብኝ ወረቀቱ ተፈቅዶልኝ፣ ራሴ ደውዬ፣ በክብር ጠይቄያቸው ነው የሚሆነው።

ማመልከቻው የሚዘጋው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የድምፅ መልእክት ላኪልኝ፣ ረጅምም ቢሆን። እኛ በስምንት ሰዓት ስለምንቀድማችሁ አንቺ ማታ ልጆቹን ካስተኛሽ በኋላ ብትልኪው ሺፍቴን ስጨርስ ባቡር ውስጥ እሰማዋለሁ። «ሥራሽን ያዢ» ብትዪኝም አልቀየምሽም። ዝም እንዳትዪኝ ብቻ፣ ምንም እንኳ ይህን ለማለት መብት ባይኖረኝም።

የትንሿን ስም ንገሪኝ። ፎቶ ላኪ። ሁለቱንም ሳሚልኝ።

ያንቺው፣
ህይወት