አባዬ፣ ቢሮውም ተከላካይ ይፈልጋል

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከረምክ አባዬ? እኔም ልጆቹም እዚህ ሚላን ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እማዬ ሁሉንም ነግራኛለች። የድሮ ክለብህ ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው «ቦርድ ውስጥ ግባልን፣ የተጫዋች ምልመላውንም ምራልን» ብለውሃል። አንተ ደግሞ «እኔ ተከላካይ ነኝ እንጂ የቢሮ ሰው አይደለሁም» ብለህ ቡና አጠጥተህ ሸኘሃቸው አሉ። በስልክ ብነግርህ ወሬ ትቀይርብኛለህ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

የምትወደውን ሰው ላንሳብህ፤ የሚላኑን ተከላካይ ፓኦሎ ማልዲኒን። እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ ጣሊያናዊው ባጆ ስለሳተው መለያ ምት ሲያወራ፣ አንተ የምታወራው ስለ ማልዲኒ ነበር። «አየሽ፣ ይሄ ልጅ ሳይወድቅ ነው ኳስ የሚቀማው» ትለኝ ነበር። ገና ልጅ ስለነበርኩ ያኔ አልገባኝም። አሁን ግን ይገባኛል። ቀድሞ የሚያይ ሰው ተንሸራቶ መግባት አያስፈልገውም።

ሜዳ ላይ የሠራውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። በ1985 በ16 ዓመቱ ኡዲኔ ላይ ተቀይሮ ገባ። በ2009 እስኪያቆም ድረስ የሌላ ክለብ ማሊያ አልለበሰም። ለሚላን 902 ጨዋታ፣ 7 ስኩዴቶ (የጣሊያን ሊግ ዋንጫ)፣ 5 የአውሮፓ ዋንጫ። አባቱ ቼዛሬ የሚላን አምበል ሆኖ በ1963 ዌምብሌይ ላይ ያነሳውን ዋንጫ፣ ልጁ ከ40 ዓመት በኋላ እዚያው እንግሊዝ፣ ማንቸስተር ላይ አምበል ሆኖ አነሳው። ይህን ስትተርክ ድምፅህ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ።

እኔ ልነግርህ የፈለግኩት ግን ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ያለውን ነው። ለ9 ዓመት ያህል ክለቡ ውስጥ ምንም ሥራ አልነበረውም። በ2016 ሚላንን ሊገዙ የተዘጋጁት ቻይናውያን ኃላፊነት አቀረቡለት። እምቢ አለ። ምክንያቱንም ራሱ በአደባባይ ጻፈው። ከሌላ ዳይሬክተር ጋር እኩል ሥልጣን ይዞ እንዲሠራ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ እንዲወስን ነበር የታሰበው። ለስሜ ብቻ አልገባም አለ። ሚላን ቤቱ ነው፤ ቢሆንም አልገባም አለ።

በ2018 ክለቡ ኤሊየት የሚባል የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት እጅ ሲገባ ግን ተመለሰ። መጀመሪያ ከክለቡ ዳይሬክተር ከሊዮናርዶ ጋር ሆኖ ሥራውን ተማረ። አስበው፣ በዚያ ሁሉ ዝና ተማሪ መሆን! በ2019 ሊዮናርዶ ሲለቅ ቴክኒክ ዳይሬክተር ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ተከላካይነቱ የታየኝ። ቴኦ ሄርናንዴዝን ውሰድ። ሪያል ማድሪድ በውሰት ልኮት የከረመ፣ የ21 ዓመት የግራ መስመር ተከላካይ ነበር። ማልዲኒ ወኪል ልኮ አልተቀመጠም፤ ልጁ ያለበት ድረስ፣ ኢቢዛ ሄዶ አነጋገረው። እስቲ በዚያ ዕድሜህ ማልዲኒ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ እሱ የኖረበት ቦታ ላይ እንድትጫወት ቢጠይቅህ ምን ትል ነበር? እምቢ የሚል ተከላካይ ያለ አይመስለኝም። ፒየር ካሉሉን ደግሞ እይ። ለሊዮን ዋና ቡድን በሊግ ተሰልፎ የማያውቅ ልጅ ነበር። ማነው ያሉ ብዙ ነበሩ። በ2022 ሚላን ዋንጫውን ሲበላ ግን ከቶሞሪ ጋር የመሀል ተከላካይ መስመሩን የያዘው እሱ ነው። በረኛው ዶናሩማ ውሉን ጨርሶ ሊሄድ ሲል ደግሞ ማልዲኒ ከፈረንሳዩ ክለብ ሊል በረኛውን ማይኛን አስፈረመ። ለልመና ጊዜ አላጠፋም። ይሄ ሁሉ አጥቂው ኳስ ሳይነካ ቦታውን የሚይዝ ሰው ሥራ ነው፤ አንተ ዕድሜህን ሙሉ የሠራኸው ሥራ።

ግንቦት 2022 ሳሱዎሎን 3 ለ 0 አሸንፈው ከ2011 በኋላ የመጀመሪያውን ስኩዴቶ ወሰዱ። ከተማው በአንድ እግሩ ቆሞ ነበር፤ በማግስቱ አውቶቡሱ ሲያልፍ መንገዱ ቀይና ጥቁር ብቻ ሆነ። የማልዲኒ ልጅ ዳንኤልም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር። አያት፣ አባት፣ የልጅ ልጅ፣ ሦስቱም በአንድ ክለብ ሻምፒዮን።

መጨረሻው አልተዋበም፣ አልደብቅህም። ከዋንጫው በኋላ እንኳን ውሉ የታደሰው በመጨረሻው ቀን ነበር። ቤልጂየማዊውን አጥቂ ዴ ኬተላሬን ከ30 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥተው አመጡት፤ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጎል አላገባም። በ2023 ቡድኑ የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በኢንተር ተሸነፈ። ሰኔ ላይ ክለቡን ከኤሊየት የገዙት አዲሶቹ ባለቤቶች አሰናበቱት። እኔ እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ ዝውውር ባይሳካ እንደዚያ ያለ ሰው ይባረራል? ግን ያመጣቸው ልጆች ሜዳ ላይ ቀሩ። ያን ማንም ሊያሰናብተው አይችልም።

አባዬ፣ ባለፈው ዓመት ስመጣ እሑድ ጠዋት ሜዳው ዳር አብሬህ ቆሜ ነበር። አንድ ቀጭን ልጅ ተከላካይ ሆኖ ደጋግሞ ይታለፍ ነበር። እረፍት ላይ ጠራኸው። አልተቆጣኸውም። ትከሻውን ይዘህ ሰውነቱን ትንሽ ወደ ጎን አዞርከው፣ በእግርህም የቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረግከው። «እንዲህ ቁም። አሁን ኳሷንም ሰውየውንም ታያለህ» አልከው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ያ ልጅ ሁለት ጊዜ ኳስ ቀማ። አንተ ምንም አላልክም፤ እኔ ግን ፊትህን እያየሁ ነበር። ያንን ዓይን ክለቡ ሌላ ቦታ አያገኘውም። ከዚያ ቦርድ ውስጥ ተከላካይ ሆኖ የኖረ አንድም ሰው የለም ብላኛለች እማዬ። ጎል የሚያገባ ሁሉም ያያል፤ ጎል የሚያስቀረውን የሚያይ ማን አለ?

እንቢታህን እንድትተው የምለምንህ ለዚህ ነው። ግን ዝም ብለህ እንዳትገባ። ማልዲኒ በ2016 የጠየቀውን ጠይቃቸው። ባትስማሙ የመጨረሻው ቃል የማን ነው? ተጫዋች ሲመለመል አንተ ያልወደድከው ልጅ በዘመድ ይገባል ወይስ አይገባም? በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይስጡህ፤ ፊርማና ማኅተም ያለው ይሁን። ካልሰጡህ ያኔ በደንብ እምቢ በላቸው፤ እኔም ከጎንህ ነኝ። ስብሰባውንም ምድር ቤት ያድርጉልህ፤ በዚያ ጉልበትህ ሦስተኛ ፎቅ አትወጣም።

ሰዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ይመጣሉ አሉ። ከመምጣታቸው በፊት የምትጠይቃቸውን ወረቀት ላይ ጻፍና ለታናሽ ወንድሜ ስጠው፤ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ።

የምትወድህ ልጅህ