ኦቲዝም ያለበት ልጅ ክፉና ደጉን ይለያል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴ፣ ቧንቧ ውኃ አካባቢ፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ «የሰው ስሜት አይገባውም» እያሉ ከጨዋታ የሚያርቁ ወላጆች ማየት ስለሚያሳዝነኝ ይህን ጽፌያለሁ።

በ1985 እ.ኤ.አ. ባሮን ኮኸን፣ ሌስሊና ፍሪዝ ባሳተሙት ጥናት፣ አንዲት አሻንጉሊት በሌለችበት ብይዋ ከቅርጫት ወደ ሣጥን ተዛውሮ፣ ስትመለስ የት እንደምትፈልገው ከተጠየቁት 20 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች 16ቱ ብዩ አሁን ያለበትን ቦታ አመለከቱ፤ አሻንጉሊቷ ግን መዛወሩን ስላላየች የምትፈልገው ቅርጫቱ ውስጥ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ጄምስ ብሌር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ግን፣ ይህን መሰል ጥያቄ የሚያስቸግራቸው ልጆች እንኳ ሌላውን መጉዳት ተራ የክፍል ደንብ ከመጣስ የተለየ ጥፋት መሆኑን ይለያሉ።

የሚከብዳቸው ጥፋቱን ከአጥፊው ሐሳብ ጋር ማመዛዘን ይመስለኛል። በቅርቡ ቡና ተፈልቶ ሳለ የጎረቤቴ ልጅ፣ ታናሽ እኅቱ ሳታስበው ሲኒ ብትሰብር፣ «ሰብራለች፣ ትቀጣ» ብሎ አጥብቆ ተከራከረ፤ ስታለቅስ ሲያይ ግን የያዘውን ቆሎ ሁሉ እጇ ላይ ዘገነላት። ይህን ልጅ ርኅራኄ የለውም ማለት ግፍ ነው።

ስለዚህ መምህራንና ወላጆች «አውቃ አይደለም፣ አዳልጧት ነው» እያሉ የማይታየውን ሐሳብ በግልጽ ቃል እንዲነግሩት እጠይቃለሁ። ተመራማሪው ዴሚያን ሚልተን በ2012 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው አለመግባባቱ ኦቲዝም ያለባቸውም የሌለባቸውም፣ የሁለቱም ወገን ነውና፣ የሰፈሩ ልጆችም የእሱን አነጋገር እንዲለምዱ አብረውት ይጫወቱ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደሴ ነዋሪ